የመራጭ ሴቶች ልምምድ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ማጉያው ነው። «አን፣ ዱ፣ ትርዋ» አለ በፈረንሳይኛ ከግቢው ግንብ ወዲያ፤ አስነጠሰ፤ ደግሞ «አን፣ ዱ» አለ። ካርቲየ አንድ ሰፈር ውስጥ ማይክሮፎን መቁጠር ከጀመረ ንግግር አለ ማለት ነው፤ በበዓል ሰሞን ከሆነ ንግግሩ ስለ ሴቶች ነው፤ ስለ ሴቶች ከሆነ ደግሞ ተናጋሪው ወንድ ነው።

ዘንድሮ የሰፈሩ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ከንግግርም አልፎ ቴአትር አሰበ። ለነጻነት ቀን፣ አገሩ ከፈረንሳይ ነጻ ይውጣ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሴቶች እንዴት እንደመረጡ በመድረክ ሊያሳይ ነው። አምስት ወንዶች ሴቶች እንዴት እንደመረጡ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ያኔ የመረጠች ሴት በሕይወት የለችም እንዴ?» አለ።

እማማ ወለተማርያም በሕይወት አሉ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሰባ ዓመት አለፋቸው። ለልምምዱ አዲስ ጫማ አድርገው፣ የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸውን ሐጃ ናዒማን አስከትለው መጡ።

«እማማ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ። ታሪክ እየሠሩ እኮ ነው» አላቸው አሠልጣኙ ኑረዲን።

«ያን ቀን ማን ፈገግ አለ? ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተገትረን! ይቺ ናዒማ ተራዬን ቀምታኝ ተጣልተን ነበር።»

«ዋላሂ አልቀማሁም! አንቺ ነሽ ውሃ ልጠጣ ብለሽ ጥለሽ የሄድሽው» አሉ ሐጃ ናዒማ።

«ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም» አለ ኑረዲን። ጽሑፉ ላይ ሴቶቹ ይዘምራሉ፤ ባል ሆኖ የሚጫወተው ሰው የታሸገ ፖስታ ያድላቸዋል፤ ሣጥኑ ውስጥ ከትተው እልል ይላሉ።

እማማ ፖስታውን ገለባብጠው አዩት። «ምን አለበት?»

«‹አዎ› የሚለው ወረቀት።»

«‹አይሆንም› የሚለውስ?»

ሊቀመንበሩ ዓብዱረዛቅ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ሰባት ላይ ጫት ይገባል፤ ጫት ከገባ ኮሚቴ የለም። ድሬዳዋ በተማረው አማርኛ፣ «እማማ፣ እሱ ምን ያደርግልዎታል? ሁሉም ‹አዎ› ነው ያለው። አሸነፍን እኮ!» አለ።

«እኔም ‹አዎ› ነው ያልኩት። ግን ሁለቱንም ወረቀት ይዤ፣ መጋረጃ ውስጥ ገብቼ፣ ብቻዬን። ጠዋት ባሌ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ ሲለኝ ነበር። እዚያ ውስጥ ግን ባል የለ፣ አባት የለ፣ ቄስ የለ። በዕድሜዬ ማንም ሳያየኝ የወሰንኩት እሱን ብቻ ነው። መጋረጃ ከሌለ እኔን ተዉኝ።»

«እኔ እንኳ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ጫማዬን አውልቄ እግሬን አሳረፍኩ» አሉ ሐጃ ናዒማ።

ኮሚቴው ጥግ ይዞ ተመካከረ። አንዱ፣ መጋረጃ ከተደረገ የሴቶች ተሳትፎ አይታይም ሲል ተቃወመ። ሆኖም ሰዓቱ እየሄደ ስለነበር ዲሞክራሲ አሸነፈ። የአልጋ ልብስ ተለምኖ መጣና መድረኩ ላይ ተሰቀለ፤ ሁለት ወረቀት ተቆረጠ፤ በአንዱ «አዎ»፣ በሌላው «አይሆንም» ተጻፈ። እማማ ሁለቱንም ተቀብለው ፈገግ አሉ፤ ኑረዲን ሳያዛቸው። አዲሱን ጫማቸውን እያንቋቁ ከመጋረጃው ኋላ ገቡ።

ፎቶ አንሺው አምሀ ካሜራውን አንግቦ ተከተላቸው።

«አንተ ደሞ ወዴት ነህ?» አለ የእማማ ድምፅ ከውስጥ።

«ለፎቶ ነው፣ እማማ።»

«እዚህ ውስጥ?»

ዓብዱረዛቅ ሦስት እርምጃ ለማይሞላ ርቀት ማይክሮፎኑን አነሳ። «እማማ፣ ሴት ልጅ በምስጢር ስትመርጥ ትውልዱ ማየት አለበት! አምሀ፣ ወረቀቱ ቁልጭ ብሎ ይውጣ። ‹አዎ› የሚለው!»

«እጅዎን ወደ ብርሃኑ፣ እማማ» አለ ኑረዲን፣ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርጎ።

እማማ ወጡ። በሣጥኑ አጠገብ አልፈው ከመድረኩ ወረዱ።

«እማማ! ሣጥኑ በዚህ በኩል ነው!» አለ ማይክሮፎኑ።

«ወለቴ? ምን ሆንሽ?» አሉ ሐጃ ናዒማ።

እማማ የግቢውን በር ከፍተው ወጡ።