ከጉቶው ወዲያ

እኔ መቼም በእግር መሄድ ወድጄ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ የምውል ሴት ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምንሰፋው፤ ኮሌታው የኔ ድርሻ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ የምመኘው እግሬን ዘርግቼ ሻዬን ፉት ማለት ብቻ ነበር። ያንን ክረምት ግን ከባሌ፣ ከአማቴና ከልጄ ጋር በጭቃና በጭጋግ ውስጥ ስዞር ከረምኩ። ያውም ዓይኔን በጨው ታጥቤ እየዋሸኋቸው።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሰባት ቁጥር መስመር ብቻ ስለነዳ ሰፈሩ ዋና ስሙን ትቶ "ሰባት ቁጥር" ነው የሚለው። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት መሪው ላይ እንዳለ ልቡ ከዳው። አውቶቡሱን ዳር አስያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በሩን ከፈተ፣ ሰዉን በሙሉ አወረደ፤ ከዚያ ወደቀ። ያዩት ናቸው እንዲህ ብለው የነገሩኝ። ስልኬ ሲጮህ እኔ ኮሌታ እያዞርኩ ነበር። መርፌው ጣቴን እንደወጋኝ እንኳን ያወቅኩት ሆስፒታል ደርሼ ነርሷ "እርስዎም ተጎድተዋል እንዴ?" ስትለኝ ነው።

ተረፈ፤ ተመስገን። ሐኪሙ "በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ይራመዱ፤ መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን፣ በኋላ ዳገት" አለው። ክረምቱ ሲወጣ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሐኪሞች ሽቅብ በተጋደመ የመራመጃ ማሽን ላይ ያስኬዱታል። አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ ከተራመደ መሪውን ይመልሱለታል። ካቃተው ቢሮ ተቀምጦ የአውቶቡሶች የመውጫ ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ይኖራል።

"ማኅተም!" አለ ያን ቀን ማታ፣ እህል አልቀምስም ብሎ። "እኔ ማኅተም?"

እኔ ግን እውነቱን ልናገርና ማኅተሙን ወደድኩት። ማኅተም ሲመታ ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ከሰፈራችን ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን ጀምሮ ወንዙን ተከትሎ ዛፍ ውስጥ የሚገባ የእግር መንገድ አለ። አሥራ አራት ዓመት ስንኖር አንድም ቀን ረግጠነው አናውቅም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰውዬው የሥራ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፎ ታንከሩ ሥር ቆመና ሰዓቱን አየ።

"ልክ በሁለት ተኩል ነው የምንነሳው" አለ። "የቀረ ቀረ።"

"ኤዲያ! ማን አለና ነው የሚቀረው?" አልኩት። "አራት ነን!"

"ያለ ረዳት ደግሞ አይነዳም። ረዳት ማነው?"

"እኔ ነኛ!" አለች አማቴ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ በአንድ እጇ ዣንጥላ፣ በሌላው የዳቦ ፌስታል ይዛለች። "በሉ ግቡ፣ ግቡ! በር ላይ አትቁሙ! ሳበው!"

ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያኔ ከአባቷ መውደቅ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት የመጀመሪያዋ ቀን ነበር። ወዲያው ከሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ላይ መስመሩን መሣል ጀመረች። ፌርማታ አወጣችለት፦ "ጉንዳን"፣ "የእማማ ድንጋይ"፣ "ቁራዎቹ"። አማቴ በስሟ የተሰየመው ድንጋይ ላይ ሁሌ ትቀመጥና ዳቦ ታድላለች፤ ጨርሳ ስትነሳ "ሳበው!" ትላለች፤ ልጇም ከአፉ የሞተር ድምፅ እያወጣ ይነሳል። የሃምሳ ዓመት ሰው!

ከቁራዎቹ በኋላ ትልቅ ጉቶ አለ። እዚያ ጋ መንገዱ ይታጠፍና ቁልቁል ወንዙ ዘንድ ይወርዳል፤ ከጉቶው ላይ ሆኖ ታች ያለው አይታይም።

"እናንተ እዚህ እረፉ፤ እኔ ልየውና ልምጣ" አልኳቸው።

ወረድኩ። ድልድይ አለ፤ የእንጨት ነው፣ ደህና መደገፊያ ያለው፣ ጋሪ የሚያሳልፍ ድልድይ። ከድልድዩ ወዲያ ግን ዳገት። ቀጥ ብሎ የቆመ ዳገት፣ ጫፉ ጭጋግ ውስጥ የገባ። ባሌ እዚያ መሃል ደረቱን ይዞ ሲንበረከክ በዓይኔ ላይ መጣ። ተመለስኩና "ድልድዩ ተሰብሯል" አልኩ።

"ክፉኛ?" አለ ሰባት ቁጥር።

"ድራሹ የለም! በሉ እንመለስ፤ ወራጅ አለ!"

በዚህ ተሳሳቁና ዞርን። ያኔ ኃጢአት አልመሰለኝም፤ ሐኪሙ ራሱ ሜዳ ሜዳውን ብሏላ። ከዚያ በኋላ ግን በየቅዳሜው ጉቶው ጋ ስንደርስ ባሌ ቀስ ይልና ወደኔ ዘወር ይላል፤ እኔ "ወራጅ አለ!" እላለሁ፤ እንዞራለን። በሰባተኛው ሳምንት ሐኪሙ "አሁን ዳገት መጀመር አለብዎት" ሲለው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ አሁንም "ወራጅ አለ!" አልኩ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ መንገዱን እየወደድኩት መምጣቴ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ዛፎቹ ለብቻቸው መዝነባቸውን ይቀጥላሉ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ልጄ ወንዙ ዳር እንቁራሪት አይታ "እማ፣ ያቺው የባለፈው ሳምንቷ ናት" ትለኛለች፤ በምን እንደለየቻት እሷ ታውቃለች። አማቴ ጫማዋ እንዳይርስ ፌስታል አጥልቃበት እየተንሿሿች ትሄዳለች። ቤት ስንገባ አራት ጥንድ ጫማ በጋዜጣ ጠቅጥቀን ግድግዳው ሥር እንደረድራለን። አንድ ቀን ባሌ አንድ ግንድ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመና እንዲህ አለኝ፦

"ሃያ ሁለት ዓመት ዛፍ በጎን መስኮት ሲሮጥ ነው ያየሁት። ቆሞ አይቼው አላውቅም።"

አንጀቴን በላው። እንዲህ ደስ ብሎት፣ እንዲህ አጠገቤ ቆሞ ሳየው፣ ይቅርበት መሪው፣ ለዘላለም በሜዳው እየዞርን እንኑር አልኩ በልቤ። እሱ ግን ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ከሩቅ ጥሩምባ ባሰማች ቁጥር ሰዓቱን ያያል። "አራት ደቂቃ ዘገየች" ይላል። ድምፁ ውስጥ ያለችውን ነገር እሰማታለሁ፤ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጉቶው ጋ ቆመን ልክ አፌን ልከፍት ስል ከመታጠፊያው ሥር የጎማ ድምፅ መጣ። አንድ ሰውዬ ሣር የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከታች ብቅ አለ።

"ጎሽ፣ ድልድዩ ተሠራ ማለት ነው?" አለችው አማቴ።

ሰውዬው ቆመ። "የቱ ድልድይ?"

"ይሄ የተሰበረው ነዋ!"

"ኧረ መቼ ተሰብሮ ያውቃል እናቴ? በየቀኑ ነው የምሻገርበት።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ደብተሯን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። አማቴም አየችኝ። ፊቴ ደም መሰለ።

"የሚለው የላይኛውን ድልድይ ነው" አለ ባሌ፤ ፈጠን ብሎ፣ ያለምንም መጨነቅ። "የኛው እንደተሰበረ ነው። በሉ ረዳት፣ ወራጅ አለ፤ አዙሩት።"

ሰውዬው ግራ ገብቶት ጋሪውን እየገፋ ሄደ። አማቴ አንዴ ልጇን፣ አንዴ እኔን አየችና የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ወደፊት ቀደመች። እኔ ተገትሬ ቀረሁ። ታውቅ ነበር ማለት ነው፣ አንተ ሰውዬ! አልኩ በልቤ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አልኩት ብቻችንን ስንቀር።

"ከሁለተኛው ቅዳሜ።" ፈገግ አለ። "እመቤቴ፣ እኔ መንገድ ሳይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ድልድዩ ከተሰበረ መሬቱ ላይ ያለው የጋሪ ጎማ ዱካ ከየት መጣ? ጋሪው በርሮ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ፈተናው እኮ ያንተ ነው! ለምን አትሻገርም ነበር?"

"ወራጅ አለ ስትዪስ? ተሳፋሪ ውረድልኝ ካለበት አሳልፌ ሄጄ አላውቅም።" ጉቶው ላይ ተቀመጠ። "ፈርተሻል። የፈራ ሰው ይዤ ዳገት አልወጣም፤ ፍርሃቱ እስኪወጣልሽ ልጠብቅ ብዬ ነው።"

"ክረምቱን ሙሉ?"

"ሲዘንብ ምን ሥራ አለኝ?"

ይሄን ጊዜ የታፈነው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ጮህኩበት፤ እውነቴን ነው፣ ቁራዎቹ እስኪነሱ ጮህኩበት። "አርባ ሦስት ሰው አውርደህ ነው የወደቅከው! በር ከፍተህ፣ አዛውንቱን ደግፈህ፣ አንድ ባንድ አውርደህ! ሰው ሁሉ ጀግና ነው ይልሃል! እኔንስ? እኔን የት ልታወርደኝ ነበር?"

ጉቶው ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። መሀረቡን ከኪሱ አወጣ።

"አንቺን ማውረድ" አለ፣ "ትዝም ብሎኝ አያውቅ።"

አለቀስኩ። አፍንጫዬን በመሀረቡ ጠራረገልኝ፤ መሀረቡ ዳቦ ዳቦ ይሸት ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ ዝናቡ ያካፋል። ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ ጫማዎቹን ከጋዜጣቸው አወጣሁና "ተነሱ! የአሥራ ሁለት ሰዓቷ ልትሄድ ነው!" ብዬ ቤቱን ቀወጥኩት። አማቴ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና "ይቺ ልጅ አበደች" አለች፤ ግን ፌስታሎቿን መፈለግ ጀመረች። ጉቶው ጋ ስንደርስ ባሌ እንደለመደው ቀስ አለና ወደኔ ዞረ። እኔ አልፌው ወረድኩ። ድልድዩን ተሻገርኩና ማዶ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

"ተሠራ እንዴ!" አለች ልጄ፣ ተንኮለኛ።

"ዝም በይና ሣዪ" አልኳት።

ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆምን። ሁለቱን የቆምነው በኔ ምክንያት ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚሰፋ ሰው እንዴት ብሎ ዳገት ይችላል? አማቴማ ድልድዩ ላይ ቀርታ ከታች "ሳበው! ሳበው!" ትላለች። ባሌ ደረቱን ሲነካ ባየሁ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች፤ እሱ ለካ የጃኬቱን ቁልፍ ነው የሚፈታው። ከዚያ ወዲያ ሦስቱን ሳምንት በየማለዳው፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ወጣነው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ከነፍርሃቴ ነው የወጣሁት።

ፈተናውን አለፈ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር አሉ፤ ሐኪሙ "ይበቃል" ሲለው "ትንሽ ልጨምር?" ብሎ ጠየቀ፤ ይሄ መቼም ጉራ ነው።

ሥራ የጀመረ ዕለት ጠዋት ሳልነግረው በሰባት ቁጥር ተሳፈርኩ። ከኋላው ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ አየኝ፤ ጆሮው እስኪቀላ ደስ አለው፤ ግን ሥራ ላይ ነዋ፣ በሩን ዘግቶ ነዳ። በየፌርማታው ሲያቆም ማጅራቱን አያለሁ፤ ትከሻውን አያለሁ፤ ሲተነፍስ እቆጥራለሁ።

እኔ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ደረስን። እኔ "ወራጅ አለ" አላልኩም። እሱ ግን አቆመ። በሩን ከፈተ። በመስታወቱ እያየኝ ጠበቀ። የሚወርድም የሚሳፈርም የለም፤ የሥራ ተቆጣጣሪዬ በስፌት ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ ሰዓቷን ታያለች።

"ሹፌር፣ ምን እየጠበቅክ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ወራጅ አለ" አለ ባሌ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ፣ ልክ እንደ አማቴ ጮህኩ፦

"ወራጅ የለም! ሳበው!"