ምንጭ የተጠቀሰለት ሞት

ፋኢዛ እባላለሁ። ሰቆጣ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወረድ፣ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለችኝ። አባቴ ዓሊ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁን ሲለቅልኝ "ደንበኛ አታስቀይሚ" ብሎ ነው። ምክሩን ጠብቄ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን ሁለት ደንበኞቼን ከነቦርሳቸው አስወጥቻለሁ። ለምን ለሚለኝ ሁሉ እየደጋገምኩ ማውራት ስለሰለቸኝ፣ አንዴ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

አንደኛው ጋሽ ሰጠኝ ናቸው። በደርግ ጊዜ ሩሲያ ተልከው የተማሩ የግብርና ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሁለተኛው ኤርምያስ ነው፤ ወጣት የታሪክ መምህር ነው፣ ለጢሙ የሚጨነቅ። ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ ባለው የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ይጽፋሉ። ለማያውቅ ልንገር፤ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ደግሞ የሌላውን ጽሑፍ የሚያርምበትና የሚሰርዝበት ነው። ከፋይ የለውም፣ በፈቃድ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። አገራችንን ሊጽፉልን ነው ብዬ ደህና ደህናውን ወንበር ለነሱ አስቀምጥ ነበር።

ምን ጻፉ መሰላችሁ? ስለ ሰቆጣ አራት መስመር አለ፣ አንዱም ስህተት ነው። ስለ ጎረቤታችን ስለ ፃግብጂ ወረዳ አንዲት ቃል የለም። ስለ ሩሲያና ስለ ዩክሬን ግን ጉድ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ሕዝቡን ወንዝ አስገብቶ ያስጠመቀ አንድ የኪየቭ ልዑል ነበር አሉ። ይኼ ልዑል የሩሲያ አባት ነው ወይስ የዩክሬን? ጋሽ ሰጠኝ የሩሲያ ነው ብለው ይጽፋሉ። ኤርምያስ ሰርዞ የዩክሬን ነው ይላል። እሳቸው ይመልሱታል። እሱ እንደገና ይሰርዛል። ይኼ ሁሉ ሲሆን የተቀመጡት እኔው ቤት ነው፤ ጀርባ ለጀርባ፣ ወንበራቸው እየተነካካ። አፍ አውጥተው አይነጋገሩም። በጽሑፍ ግን "ክቡር አርታኢ፣ ድርጊትዎ ከገለልተኝነት መርህ የወጣ ነው" ይባባላሉ። ዞር ብሎ "ኧረ ተው" ማለት እኮ ይቻል ነበር። እኔም ፎቶ ኮፒዬን እያነሳሁ ሳቄን እውጥ ነበር። ያኔ ገና ያስቀኝ ነበር።

እማማ ባንቺ የሚባሉ ሌላ ደንበኛ አሉኝ፣ የደሃና ወረዳ ሰው ናቸው። በገበያ ቀን አህያቸውን ነድተው ይመጣሉ፣ ገብሳቸውን ሸጠው፣ ጨውና ሳሙና ገዝተው ይመለሳሉ። ልጃቸው ምሳው ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ፣ ከዚያ በደላላ ሩሲያ ገባ። የፋብሪካ ሥራ ነው ብለውት ነበር፤ ሲደርስ ያለበሱት የወታደር ልብስ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በኔ ስልክ ሲደውልላቸው የአንዲት ከተማ ስም ነገራቸው፣ "ወደዚያ ሊወስዱን ነው" አላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። የከተማዋን ስም አልጠራላችሁም፣ አስጠልቶኛል። እማማ ባንቺ ግን ከአፋቸው አይለዩትም ነበር፤ ከአገራቸው ሰው ጋር በኽምጣና፣ በዋግ አገውኛ ማለት ነው፣ ሲያወሩ እንኳ ያ የፈረንጅ ስም መሀል ላይ ብቅ ይላል።

ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ቀን ሱቄ ገብተው "ልጄ፣ ያ ምሳው ያለበት አገር ምን ይመስላል?" አሉኝ። እኔም መዝገበ ዕውቀቱን ከፈትኩ። ገጹን የጻፉት እነዚያው ሁለቱ ናቸው፣ ከተማዋን ማን መሠረታት በሚል እየተናጩ። ወንዝ አላት ይላል። ክረምቷ በረዶ ነው ይላል። ስንዴና ገብስ ይበቅልባታል ይላል።

"ገብስ ነው ያልሽው?" አሉ።

"ገብስ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያ ሰው የሚኖርበት አገር ነው" ብለው ተነፈሱ።

"የማን ናት?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ የዩክሬን ናት፣ ሩሲያ ግን በጦር ልትይዛት ነው አልኳቸው። "የኔን ልጅ ታዲያ ምን አስገባው?" አሉ። ሁለቱ ሊቃውንት እንደሆኑ ኮምፒውተራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር ያችኑ ገጽ ማንበብ ሆነ ሥራዬ። የሚፈልጉት ገብሱን ነው። አንድ ቀን ብፈልግ ገብሱ የለም። ኤርምያስ ሰርዞታል። ለምን ስለው "ምንጭ አልተጠቀሰለትም" አለኝ። ገብስ እኮ ነው፤ ምን ምንጭ ይፈልጋል? ተውኩትና ገብሱን ከራሴ እየጨመርኩ አነብላቸው ጀመር።

አንድ የገበያ ቀን እንደ ልማዴ አነባለሁ። ወንዙን አነበብኩ፣ በረዶውን አነበብኩ፣ ገብሴን ጨመርኩ። ወረድ ሲል ጦርነቱ የሚል ክፍል አለ፣ አዲስ አረፍተ ነገር ገብቶበታል። "ለከተማዋ ነጻ መውጣት ከልዩ ልዩ አገራት የመጡ በጎ ፈቃደኞች መሥዋዕት ሆነዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ኢትዮጵያዊው" እስከዚህ ድረስ ድምፄን አውጥቼ አንብቤዋለሁ። ቀጥሎ ያለው "የደሃና ተወላጅ ምሳው ጌታሰው ነው" ይላል። አጠገቡ ምንጭ አለኝ የምትል ትንሽ ቁጥር ተለጥፋለች።

"ምነው ቆምሽ?" አሉኝ።

"ኔትወርክ ሄደ፣ እማማ።"

"ኢትዮጵያዊው ምን ሆነ?"

"እዚያ ላይ ነው የተቋረጠው።"

እማማ ባንቺ ዞር ብለው ሁለቱን አዩ። ኔትወርክ በሄደበት ቤት ሁለቱም ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ይጽፋሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። መጀመሪያ የሞተበት ሰው አይሰማም። ጎረቤት ይሰማል፣ ሽማግሌ ይሰማል፣ እውነት ነው ወይ ተብሎ ይጣራል። ከተጣራ በኋላ ገና ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይኬዳል፣ የሚደግፍ ሰው ከግራና ከቀኝ ይቆማል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። ከሩቅ የመጣ መርዶ ሲሆን እኛ እስላሞቹም እንደዚያው ነን። መንገድ ላይ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ይኼን የማያውቅ የዋግ ሰው የለም፣ ሩሲያ የተማረ ቢሆንም።

"ጋሽ ሰጠኝ፣ ይቺን እርስዎ ነዎት የጻፏት?" አልኳቸው።

"አዎ። ምንጭ አላት።"

ምንጩ ቴሌግራም ላይ ያለ የሩሲያ ቻናል ነው። የሬሳ ፎቶ አለ፣ ከሥሩ በሩሲያኛ ምሳው፣ ኢትዮጵያ የሚል ተጽፏል። በቃ ይኸው ነው።

"የአባቱን ስምና ደሃናን ከየት አመጡት ታዲያ?"

"እናትየው እዚህ ስታወራ ሰምቼ ነዋ።"

"ገጹን እንደማነብላቸው እያወቁ?"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። "እሷ እንደሆነች ፊደል አታውቅም" አሉኝ። "አንቺም የላይ የላዩን ነው የምታነቢላት ብዬ ነው።"

ከዚህ ወዲህ አንቱታውን ትቼዋለሁ። ሰጠኝ ነው፣ በቃ።

ኤርምያስ ወንበሩን አዞረ። ተስፋ አደረግኩ፣ ምን ላድርግ። "ልክ ነሽ፣ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ" አለኝ። "ቴሌግራም ታማኝ ምንጭ አይደለም። ደግሞ በጎ ፈቃደኛ የሚለው ቃል ገለልተኛ አይደለም፣ ቅጥረኛ ነው መባል ያለበት።" ያሳሰበው ልጁ አይደለም፣ ቃሉ ነው።

"ቆይ፣ ሁለታችሁም ንገሩኝ" አልኩ። "ልጁ ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

ሁለቱም ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ።

"ሰጠኝ፣ ሞቷል ካልክ ሽማግሌ ይዘህ ደሃና ሂድና መርዶውን ተናገር።"

አንተ ብዬ ስጠራው ቀና ብሎ አየኝ። "ለመርዶ የሚያበቃ እርግጠኛ አይደለሁም" አለ። "ፊቱ በደንብ አይለይም። ምሳው የሚባል ሰው ደግሞ ብዙ ነው።"

"ለመዝገበ ዕውቀቱ እርግጠኛ ሆነህ ለመርዶው አይደለህም?"

"ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው" አለኝ፣ ረጋ ብሎ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው።

ኤርምያስ ሰረዘው። ሰጠኝ መለሰው። ሰረዘው፣ መለሰው። ዓይኔ እያየ አንድን ልጅ ሲገድሉትና ሲያስነሱት ዋሉ። በመጨረሻ ውጭ አገር ያለ አንድ የገጹ አስተዳዳሪ፣ ውዝግቡ እስኪፈታ ብሎ ቆለፈው። የቆለፈው ሰጠኝ መልሶት ሳለ ነው፣ ስለዚህ ምሳው ሞቶ ተቆለፈበት። እኔም የውይይት ገጽ የሚሉት ላይ ገብቼ "እናቱ አልተረዱም፣ በአላህ ይዣችኋለሁ አውጡት" ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው መለሰልኝ፤ "አስተያየትዎ ስሜታዊ ነው፤ እባክዎ ምንጭ ያቅርቡ።" ምንጭ ይለኛል። ምንጩማ አህያዋን እየነዳች የምትመጣዋ እናት ናት።

ከእማማ ባንቺ ቀበሌ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ ትግስት የምትባል። የምሳውን ስም ስልኳ ላይ ስትፈልግ ያችን መስመር አገኘቻት። ደነገጠች፣ ደወለች። አልፈርድባትም። ደሃና ያለው ስልክ የጎረቤት ነው፣ መንደሩ ሁሉ የሚያወራበት፣ ሲነሳ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያነሱት። እማማ ባንቺ እዚያው ደጅ ገብስ ያበጥራሉ። "ምሳው ሞተ ብሎ ኢንተርኔቱ ጽፎታል" የሚለውን ከወንፊታቸው ሳይነሱ ሰሙት። ሽማግሌ የለ፣ የሚደግፍ የለ። ወድቀው ድንጋይ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። መንደሩም ኢንተርኔት ከጻፈው ምን ይጠራጠራል ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ።

ይኼን ሳልሰማ ኤርምያስ አንድ ጠዋት እየሳቀ መጣ። "ፋኢዛ፣ አሸነፍን" አለኝ። ቁልፉ ተነስቷል፣ መስመሯም ወጥታለች። ሰጠኝ ደግሞ አኩርፎ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጧል፣ የአቤቱታ ጽሑፍ እያዘጋጀ።

በዚያው ቀን እማማ ባንቺ ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ግንባራቸው ላይ ቁስሉ ገና አልጠገገም፣ አንዲት ጎረቤታቸው ክንዳቸውን ይዛለች። "የተጻፈውን በጆሮዬ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት" አሉ።

ከፈትኩት። ምን ልበል? "የለም፣ እማማ። ተሰርዟል" አልኳቸው።

"ማን ሰረዘው?"

በአገጬ ኤርምያስን አሳየኋቸው። ወደሱ ሄዱ። "ልጄ፣ የሰረዝከው አለመሞቱን አውቀህ ነው?"

"አይ እማማ፣ ምንጩ ደካማ ስለሆነ ነው።"

"አልሞተም?"

"እሱን አላውቅም" አለ፣ ጢሙን እየነካካ።

ወደ ሰጠኝ ዞሩ። ሰጠኝ ብድግ አለላቸው፤ ያደገበት ወግ ነው፣ ለሐዘንተኛ ይነሳል። "እርስዎስ ጌታዬ፣ ሲጽፉት መሞቱን አውቀው ነው?"

"እመቤት፣ ጉዳዩ አከራካሪ ነው" አላቸው።

እማማ ባንቺ ቃሉ አልገባቸውም። ወደ ጎረቤታቸው አዩ፣ እሷም በኽምጣና ነገረቻቸው። ምን ብላ እንደነገረቻቸው እንጃ፣ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ እማማ ባንቺ ጥቁሩን ቀሚሳቸውን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ሁለቱንም በየተራ አዩ። "እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው" አሉ። "ይቺን ላውልቃት ወይስ ልልበሳት?"

ሁለት የተማረ ሰው ቤቴ ቁጭ ብሎ ይቺን መመለስ አቃተው። ያ ልዑል የማን እንደሆነ ጠይቂያቸው ቢባል እስኪመሽ ያወሩ ነበር።

ሄጄ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። "ውጡልኝ" አልኳቸው። ኤርምያስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀልጠፍ ብሎ ወጣ። ሰጠኝ ግን ቆመና "ቢያንስ ጽሑፌን ላስቀምጥ፣ እንዳይጠፋብኝ" አለኝ። እንዳይጠፋብኝ ያለው እማማ ባንቺ ፊት ነው። ኮምፒውተሩን ራሴ አጠፋሁበት።

አሁን ከማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠው በስልካቸው ይጽፋሉ አሉ፣ አንዱ በረንዳ ላይ፣ አንዱ ውስጥ። ልዑሉ ሰሞኑን የሩሲያ ነው። ስለ ምሳው ለኤምባሲም ለቀይ መስቀልም አመልክተናል፣ እስካሁን መልስ የለም።

እማማ ባንቺ በገበያ ቀን ይመጣሉ። ጥቁሩን አጥፈው በፌስታል ይዘውታል፤ አይለብሱትም፣ ቤትም አይተውትም። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጡና "ዛሬስ?" ይሉኛል። "ስለሱ የተጻፈ የለም" እላቸዋለሁ። ወንዙን አነብላቸዋለሁ፣ በረዶውን አነብላቸዋለሁ።

"ገብሱስ?" ይሉኛል።

"አለ፣ እማማ። ገብሱ አለ" እላቸዋለሁ።