የማበላሻ ወረቀት

የልጅቷ ሦስተኛ ፈተናም ባዶ ነበር። ስሟንና ቁጥሯን አሳምራ ጽፋለች፤ ከዚያ በታች ነጭ ወረቀት ነው። ድምፅዋ ስለማይሰማ ክፍሉ «ዝምታ» ብሎ ይጠራታል፤ እኔ በሆዴ ሰነፍ ብያት ነበር። አራተኛውንም ባዶ ከሰጠችኝ ክፍል መድገሟ ነው፤ የሒሳብ ውጤቷን የምሞላውም እኔው ነኝ።

የአስተማሪው ወንበር እግሩ ተወላግዶ ስለነበር፣ ልጆቹ ሲወጡ የእሷ ዴስክ ጋ ተቀምጬ ማረም ቀጠልኩ። ክርኔን ሳነሳ እጅጌዬ ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ በግማሽ የተጠረገ የእርሳስ ጽሑፍ ነው። አንደኛው ጥያቄ እዚያው ዴስኩ ላይ ተሠርቷል። አካሄዱ ልክ ነው፤ አንዲት የመቀነስ ምልክት ዘላ መልሱ እንቢ ሲላት በእጅጌዋ ጠርጋዋለች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ልጅቷ ትሠራለች፤ ስህተቷን ግን ከእኔ ትደብቃለች። ለምን አትደብቅ? እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልጆችን ወረቀት ቀይ በቀይ ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። በሩን እንደከፈትኩ ለታላቅ እህቴ ዘረገፍኩላት፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመልስ ወረቀቱ ጋር አንድ ማበላሻ እሰጣለሁ። እንዳሻው ይሞክርበት፣ ይሰርዝበት፤ ላጲስ ግን ክልክል ነው። ለሙከራውም ነጥብ አለው። ቀዩን እስክርቢቶም በእርሳስ እለውጠዋለሁ። እህቴ ካውያዋን አስቀምጣ ሳቀችብኝ።

«እነሱስ ይሁን፤ አንቺ ተሳሳትኩ ብለሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ አንቺ ሰሌዳው ላይ አበላሺ።»

ተናደድኩ። እውነቷን ነበራ።

በማግስቱ ያልተዘጋጀሁበትን ጥያቄ ልጆቹ እንዲመርጡልኝ አደረግሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ የምሬን ተጣበቅኩ። ዳስተሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ መስመሩን ሰረዝኩና ከሥሩ እንደገና ጀመርኩ። ክፍሉ እንደ ኳስ ሜዳ ተንጫጫ፤ አንዱ ይቀንሱ ይላል፣ ሌላው ያካፍሉ። በሥራዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዝምታ ብቻ አፏን አልከፈተችም፤ ዓይኗ ግን ከሰረዝኩት መስመር አልተነቀለም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ትርፍ ወረቀት የለም ብሎ ሊሸኘኝ ነበር። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጀርባቸው ያልተጻፈበት አሮጌ ማስታወቂያዎች አይቼ፣ አፉን ሳይዘጋ ክምሩን ታቅፌ ወጣሁ።

አራተኛው ፈተና ደረሰ። ሁለት ሁለት ወረቀት አደልኩ። ዝምታ አሥር ደቂቃ ያህል እርሳሷን ሳታነሳ ቆየች። ተፈታኟ እኔ ይመስል ጥፍሬን እበላለሁ። በኋላ ጫር ጫር አድርጋ፣ እንደ ልማዷ ልትጠርግ እጅጌዋን ወደ መዳፏ ሳብ ስታደርግ አየሁና ማየት አቃተኝ፤ ዞሬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ብዙ ቆይቶ ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል እጇን አውጥታለች፤ ዓመቱን ሙሉ ያን እጅ አይቼው አላውቅም።

«ቲቸር፣» አለች፣ «ማበላሻዬ ሞላብኝ። ሌላ ይሰጡኛል?»

ክምሩን እንዳለ ታቅፌ ሄድኩላት።