ገዳም የገባች መዥገር

ከባሕር ዳር በጀልባ ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው በዚያ የደሴት ገዳም ሴት አትገባም። ሴት ሲባል የሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዶሮም ትሁን ላም፣ እንስት ከሆነች ወደቡን አትረግጥም። የእንስሳት ሐኪሟ ሊድያ ሕጉን ስለምታውቅ፣ በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማለዳ በሬ ልታክም ሄዳ ጀልባው ውስጥ እንደተቀመጠች ቀረች። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የደከመችው በሩቁ ለማከም ነበር ለካ!

የገዳሙ መጋቢ አባ ጥዑመ ልሳን ከዳር ቆመው ችግራቸውን ነገሯት። ከጥማዱ አንዱ በሬ ባለፈው ዓርብ ሞቷል። የቀረውም መብላት ትቷል። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ዳጉሳው ካልተዘራ ገዳሙ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ሊያይ ነው።

"ከላዩ ላይ የለቀማችሁት ነገር አለ?" አለቻቸው።

አባ አንድ የውሃ ላስቲክ አቀበሏት። ባቄላ የሚያካክሉ መዥገሮች ሞልተውበታል።

"አባ፣ እነዚህ በሙሉ ሴቶች ናቸው።"

አባ አማተቡ። "ሴቶች?"

"ደም ጠጥታ እንዲህ የምትነፋው ሴቷ ናት። ከዚያ ሣር ውስጥ ትወድቅና ሁለት ሦስት ሺህ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። የሚፈለፈሉት ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ከብት እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።"

"ከዚህ ቅዱስ ቦታ ማን አስገባቸው?"

"በሬውን ከየት ገዛችሁት?"

"ከቆላ ድባ ገበያ። በጎርጎራ በኩል በጀልባ አመጣነው።"

"አብረው ተሳፍረዋላ!"

ሊድያ ሳቋን ዋጠችው። ቅሬታዋን ግን መዋጥ አልቻለችም፤ መዥገር ማንንም ሳትጠይቅ የገባችበትን ደጅ እሷ መድኃኒት ይዛ ከውጭ ታየዋለች።

መነኮሳቱ በሬውን እየገፉ ውሃው ዳር አወረዱት። ድዱን ገልጣ ብታይ ደም የሚባል የለውም፣ ነጥቷል። ከጀልባው ሳትወርድ ወጋችው። የሚረጭ መድኃኒትም ሰጥታ፣ "መላ ሰውነቱን እርጩት፣ ጆሮውን፣ ብሽሽቱን፣ ከጅራቱ ሥር። አዲስ በሬ ከመግዛታችሁ በፊት አንድም መዥገር እንዳይቀር" ብላ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ በሬው ውሃው ዳር ቆሞ ያመነዥካል። አባ ፊታቸው በርቷል።

"ልጄ፣ አንዲት ሴት አልቀረችም!"

ሊድያ ከጀልባው ተንጠራርታ የበሬውን ጆሮ ገለጠች። ትንንሽ፣ ጠፍጣፋ መዥገሮች ተጣብቀዋል።

"እነዚህስ?"

"እነሱማ ወንዶች ናቸው። መድኃኒቱን በጥጥ እየነከርን ሴቶቹን ብቻ ቀባን። ጥፋት የሌለበትን ለምን እንገድላለን?"

"አባ፣ ወንዱ እኮ ሴት ፍለጋ ከበሬ ወደ በሬ ይዞራል። የሚዞረውም በሽታውን ይዞ ነው።"

አባ ወደ በረቱ ዞር ብለው አዩ። ምእመናን አዋጥተው የገዙት አዲስ በሬ ከዚህኛው ጎን ታስሮ ነው የከረመው።

"አዲሱ በሬ..." አሉ ቀስ ብለው። "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላም። ዛሬ ደግሞ መነሣት አቅቶታል።"

በረቱ ከወደቡ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሊድያ አባን አየች፤ አባ መሬት መሬቱን አዩ። ተናደደች፣ በሳቸውም በራሷም። ያን ጊዜ "ወንዶቹንም" ብላ አንድ ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? መርፌውን ሞልታ፣ አንገቱ ላይ የት እንደሚወጋ አሳይታ ሰጠቻቸው።

"እኔ? መርፌ ነክቼ አላውቅም!"

"ወንድ ነዎት አባ፤ ለእርስዎ አልተከለከለም።"

አባ መርፌውን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው ይዘው ዳገቱን ወጡ። ሊድያ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ ጠበቀች። ጥቂት ቆይተው ላብ አጥምቋቸው፣ እየሣቁ ወረዱ።

"ወጋሁት ልጄ! ንቅንቅ አላለም! ምን ያለ ታጋሽ በሬ መሰለሽ!"

ሊድያ በሥራ ዘመኗ ሲወጋ ንቅንቅ የማይል በሬ አይታ አታውቅም፤ በሕይወት ያለ ማለት ነው። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ፊታቸውን አየችና አቃታት።