ከሺ የሚበልጥ እሺ

ባሌን ሠፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «እሺ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ሥራው ፍሪጅ ጥገና ነው። አንዱ ደንበኛ ደውሎ «ዛሬውኑ ና» ሲለው እሺ ይላል፤ ሌላው «አሁኑኑ ድረስልኝ» ሲለውም እሺ ይላል፤ ሁለቱንም እሺ የሚላቸው ሦስተኛው ደንበኛ ቤት ሻይ እየጠጣ ነው። በዚህ የተነሣ የስንት ሰው ሥጋ እንደ ተበላሸ ፈጣሪ ይወቀው። ማንም ግን አይቀየመውም። እሺ ያለ ሰው በምን ይከሰሳል?

እኔም የተያዝኩት በዚሁ ቃል ነው። የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ እየቆመ ሲያስቀኝና ሲሸኘኝ ከረመ። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አይናገርም። አንድ ቀን ሰለቸኝና «ታዲያ አንጋባም?» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

ያን ዕለት ቃሉ ቤት እንደ ደፋ ስንኝ ሆኖ ተሰማኝ። እየበረርኩ ገብቼ ለጋሼ መርፌ ነገርኳቸው። ጋሼ መርፌ የስፌት ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው በእጃቸው ሳይሆን በምላሳቸው ነው።

«ማን ጠየቀ?» አሉኝ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ።

«እኔ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሺ አለ።»

«እንግዲያው እንኳን ደስ ያለሽ። ሚስት አገባሽ።»

ሳቅኩባቸው። በፍቅር የሰከረ ሰው ሲሰደብም የተመረቀ ይመስለዋል።

የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለኝ። ክዳኑ ላይ ውኃ ላይ የተሠራች የውጭ አገር ከተማ ተሥላለች። በቤቶቹ መሐል ቀጭን ጀልባ ያልፋል፤ ጀልባው ላይ ሴትና ወንድ ተቀምጠዋል። ወንዱ አፉን ከፈት አድርጎ አንድ ነገር ይነግራታል። ምን እንደሚላት አላውቅም። ስለማላውቅም የሸሚዝ ቁልፍ በፈለግኩ ቁጥር እኔው እናገርለት ነበር። አንዳንድ ቀን «እጅሽን ስጪኝ» ይላታል። ደስ ሲለኝ ደግሞ «ያለ አንቺ የትም አልሄድም» ይላታል። ኋላ በሐሳቤ የሰውዬውን ባርኔጣ አውልቄ የባሌን ፊት አደረግኩለት። ከፊቱ ጋር ያ ሁሉ ንግግርም አብሮ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

«ለጫጉላ ሽርሽራችን ወደዚች ከተማ እንሂድ» አልኩት፣ ክዳኑን አሳይቼ።

«እሺ» አለኝ።

ሠርጋችን ካለፈ በኋላ፣ ሁለታችንም ከሥራ ዕረፍት የምናገኝበትን ወር መርጠን ትኬት ቢሮ ሄድን። ትኬት ቆራጯ ቀጠን ያለች፣ ሰው ማባበል የማትወድ ሴት ናት። ወሩን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«እህቴ፣ በዚያ ወር ጀልባ አይሠራም። ውኃው ሞልቶ መንገድ ላይ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነው። ግማሹ ቤት ዘግቶ ዕረፍት ይወጣል። የረከሰውም ለዚያ ነው።»

ባሌ «እሺ» አላት።

«ዝናቡም ቢሆን ደስ ይላል» አልኳት እኔ። «ለሁለት አንድ ጃንጥላ ይዞ መሄድ…»

«እዚያ ሰው ጃንጥላ ይዞ አይሄድም፤ ጃንጥላው ነው ሰውን ይዞ የሚሄደው። ነፋሱን አላየሽውም።»

ቅናት ነው ብዬ ተውኳት። ለሆቴሉ ስትጽፍ ቀና ብላ «አዲስ ተጋቢዎች ናቸው ልበላቸው? አንዳንዴ ክፍሉን ያሳምሩላችኋል» አለችኝ። ባሌ እሺ ሳይል ቀድሜ «በይልን» አልኳት።

ከዚያ ወሬው እግር አወጣ። መጀመሪያ የደረሰችው የባሌ ታላቅ እህት ናት፤ የጁስ መፍጫዋ ምላጭ ተሰብሮ ኖሯል። «ወንድምዬ፣ እዚያ እንደ አሸዋ ነው አሉ» አለችው። እሺ አላት። አጎቱ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ፈለጉ፤ እሺ ሲላቸው ስላልሰሙት ደግሞ ጮኾ እሺ አላቸው። ጎረቤታችን የመኪናውን ስፖኪዮ አዘዘው። ከጀልባው ላይ ወርዶ ስፖኪዮ የሚፈልግ ሙሽራ በቆርቆሮዬ ላይ አልተሣለም ነበር፤ እኔ ግን አሁንም ጥሩ ልብ ነው ብዬ አሰብኩ። ሴት ልጅ ጥሩ ልብ እያለች ስንቱን ጉድ ትሸፍናለች!

ለጀልባው የሚሆን ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቼ ነበር። ላስገባው ሻንጣውን ስከፍተው ውስጡ ሌላ ባዶ ሻንጣ አገኘሁ። የተላከው ዕቃ ሁሉ ሲመለስ የሚገባበት ነው።

«ቀሚስሽን ለብሰሽው ብትሄጂ ይሻላል» አለኝ ባሌ። «ቦታ አይያዝ።»

ይህን ለጋሼ መርፌ ስነግራቸው መቀሳቸውን አስቀምጠው «ጫጉላ ነው ወይስ ጭነት?» አሉኝ። ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

አማቴ ወደ ስፌት ቤቱ የመጡት ልንሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን ሲወጡ በየእርምጃው አንድ ቅዱስ ይጠራሉ። ገብተው እንኳን ሳይቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ልጄ፣ ለመንገድ የሚሆን ካፖርት ለኪኝ። ወፈር ያለ ይሁን፤ እዚያ ዝናብ ነው አሉ።»

«የት ነው እሱ፣ እማማ?»

«እንዴ! ልጄ አልነገረሽም?»

ሜትሬ ወገባቸውን ከቦ ነበር። እዚያው እንደ ያዝኩት ቀረሁ።

«ቪዛዬም ወጣ እኮ! እዚያ ጥሩ የጉልበት ሐኪም አለ ሲሉኝ፣ አብሬያችሁ ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ገና ሳልጨርስ እሺ አለኝ። ድሮም የኔ ልጅ! እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ?»

«የት… የት ያድራሉ፣ እማማ?»

«ከናንተው ጋ ነዋ። ለምን ወጪ ይብዛ? እኔ ጥግ ይበቃኛል፣ አላስቸግርም። ማንኮራፋቱንም ትቼዋለሁ።» ትንሽ አሰቡና «ቀንሻለሁ» ብለው አረሙ። «ስንት ሆነ ወገቤ?»

«ጨምሯል፣ እማማ።»

ሲወጡ ጋሼ መርፌ የአማቴ እርምጃ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠበቁ። «ካፖርቱን ሰፋ አድርጊው» አሉኝ። «ሦስታችሁም ትገቡበታላችሁ።»

ቤት ስደርስ ባሌ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ የሰው ፍሪጅ ሞተር ዘርግፎ ይጠግናል።

«እናትህ አብረውን ይሄዳሉ?»

«እ… ጉልበቷ እኮ…»

«እሺ አልካቸው?»

«ታዲያ ምን ልበላት? እናቴ እኮ ናት።»

«እምቢ የሚባል ቃል አለ። ከእሺ የሚበልጠው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ምላስ አይሰብርም።»

«እምቢ ካልኳት ታለቅሳለች።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ትረጂኛለሽ።»

ስድብ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ይሄ ክራቫት አስሮ የሚመጣው ነው። «አንቺማ ትረጂኛለሽ» የተባለች ሴት ወንበሯን ለቃ ትነሣ ዘንድ በትሕትና ተነግሯታል ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። ቆርቆሮው ላይ ያለው ሰውዬ ልቤ ውስጥ ገና አፉን እንደ ከፈተ ነው። መልሱን ስንት ዓመት አስጠንቼዋለሁ፤ የሚያስፈልገው ጥያቄው ብቻ ነው። ባሌ ማድረግ ያለበት በከፈትኩለት በር መግባት ነው። ስለዚህ ድምፄን አለስልሼ ጠየቅኩት።

«እንግዲያው እኔ ልቅር?»

ለሰው ልጅ ከዚህ የቀለለ ፈተና ቀርቦለት አያውቅም። እጁን ከሞተሩ አንሥቶ በጨርቅ ጠረገ። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በእውነተኛ ፍቅር አየኝና፣

«እሺ» አለኝ።

አላለቀስኩም። ትኬት ቆራጯ ጋ ደውዬ እንደማልሄድ ነገርኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ «ትኬትሽን ክፍት አድርጌ አቆይልሻለሁ፤ ስትፈልጊ ቀን ትቆርጫለሽ» ብቻ አለችኝ። ካፖርቱንም በቀኑ ጨረስኩት። ሥራ ሥራ ነው። ከቆርቆሮዬ ትልልቆቹን ቁልፎች መርጬ ተከልኩላቸው። አማቴ ሲለብሱት መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብለው «ምነው አንቺም በመጣሽ፤ ሥራ አልለቀቀሽም አሉ» አሉኝ። አብሯቸው የመጣው ባሌ ጫማውን እያየ ነበር። እሺ ከማለት ተርፎት ውሸትም ይችላል ለካ!

እናትና ልጅ ጫጉላቸውን ሄዱ። ስፌት ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ ሙሽራው እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል።

«ጫጉላ ላይ ነው» ይላሉ ጋሼ መርፌ።

«እሷስ?»

«እሷማ ሥራ ላይ ናት፤ አታይም እንዴ?»

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ ፎቶ መጣልኝ። ሰፊ አልጋ፣ አልጋው ላይ የቀይ አበባ ቅጠል በልብ ቅርጽ ተበትኗል፤ ግማሹ ተጠርጎ ጥግ ተከምሯል። የሆቴሉ ሰዎች ከነጭ ፎጣ ሁለት ወፎች ጠቅልለው ነበር፤ ሲሳሳሙ አንገታቸው ልብ እንዲሠራ። ከሁለቱ የቀረችው አንዷ ብቻ ናት፤ መንቆሯን ወደ ባዶ ቀስራለች። ሌላዋን አማቴ ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስረዋታል። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አልጋው መሐል ቁጭ ብለው ይስቃሉ። ከበስተጀርባ ባሌ ስፖኪዮ ይዞ ቆሟል። መስኮቱን ዝናብ ይደበድበዋል።

ወዲያው አማቴ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሆቴል ስም ብቻ ነው! ሳይጠርጉ ነው የሰጡን። አልጋው ላይ ቅጠል በቅጠል። እኔው ጠረግኩት፣ በዚህ ጉልበቴ።»

«ሐኪሙስ፣ እማማ?»

«ዕረፍት ወጥቷል አሉን። ምኑ ቅጡ! ግማሹ አገር ዝግ ነው።»

ስልኩን ለጋሼ መርፌ ሰጠኋቸው። ፎቶውን አቅርበው፣ አርቀው አዩት። የያዙትን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰኩ። «ካፖርቱ ግን ትከሻው ላይ በደንብ ተቀምጧል» ብለው መለሱልኝ።

ባሌ ሲመለስ ሁለቱም ሻንጣዎች ሊፈነዱ ደርሰው ነበር። ምላጩ፣ ማዳመጫው፣ ስፖኪዮው፣ ሁሉም ለየባለቤቱ ደረሰ። ሁሉም መረቀው። በመጨረሻ ከሻንጣው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ «ይኼ ያንቺ ነው» አለኝ።

የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ያው ከተማ፣ ያው ጀልባ፣ ያው አፉን የከፈተ ሰውዬ።

«እዚያ በየሱቁ ይሸጣል» አለኝ ደስ ብሎት። «ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

ልቤ፣ የማይማር ልብ ነው፣ ትንሽ ብድግ አለ። ክዳኑን ከፈትኩት። ባዶ ነው።

«ብስኩቱን እማዬ መንገድ ላይ ጨረሰችው» አለኝ። «ርቧት ነበር።»

ሁለቱን ቆርቆሮዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ሁለት ሰውዬ፣ ሁለት የተከፈተ አፍ፣ አንድም ቃል የለም። ለካስ ያ ሁሉ ዓመት ስትናገር የኖረችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ። «የሚመጣው ዓመት ሁለታችን ብቻ እንሄዳለን። ማንም አይከተለንም። እሺ?»

«እሺ» አልኩት።

እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ቃል ሲናገር ኖሮ፣ ቃሉ እምቢን አልብሶ የሚያስወጣ ካፖርት መሆኑን አላወቀም። እኔ ግን ከእሱ ተምሬዋለሁ።

በማግስቱ ትኬት ቢሮ ሄድኩ። ትኬት ቆራጯ ስታየኝ ትኬቴን አወጣች።

«ለመቼ ላድርገው?»

«ለሚመጣው ወር።»

«አሁንም ጀልባ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ነፋሱም ያው ነው።»

«ጃንጥላ አልይዝም። ለራሴም ካፖርት ሰፍቻለሁ።»

የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። «ባለቤትሽስ? እሺ ይልሻል?»

«ለማን እምቢ ብሎ ያውቃል?»

ቀኑን ቀየረችልኝ። ለሆቴሉ ልትጽፍ ስትል ግን እጇን ገታ አድርጋ አየችኝ።

«አዲስ ተጋቢዎች የሚለውን ላጥፋው?»

«ተይው» አልኳት። «ወፎቹን ሳይፈቱ ማየት እፈልጋለሁ።»