የእግር ስር ሙቀት

እናትየው ጫማ አድርጋ ነድታ አታውቅም። አዋላጅ ሆና ስትሠራ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ታስቀምጥና በስስ ካልሲ ፔዳሉን ትረግጣለች። «መኪናም እርጉዝም በደንብ ካላዳመጥሻቸው አይናገሩም» ትላለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንዳት ትታ ቤት ቁጭ ብሎ ሰው መጠበቅ።

ስለዚህ ብርዱ ገብቶ «የእግር ማሞቂያው ነፋስ ደክሟል፤ እግሬ በረዶ ሆነ» ባለች ጊዜ፣ አስተማሪዋ ልጇ ነገሩን በራሷ ላይ እንደ ደረሰ በደል ቆጥራ መኪናውን ጋራዥ ወሰደችው። እውነትም የአየር ማጣሪያው በደረቅ ቅጠል ተደፍኖ ኖሯል። መካኒኩ አውጥቶ አሳያት።

«ይሄ ማጣሪያ ነው የወፍ ጎጆ? ማዘር እንቁላል እየጠበቁ ነው እንዴ?»

አዲስ ማጣሪያ ገባለት። በማግስቱ እናቷ ደወለች።

«ያው ነው ልጄ። ምንም አይደርሰኝም።»

አስተማሪዋን ለማስቆጣት ብዙ አያስፈልግም። ጋራዡ ደርሳ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ ጀመረች።

«ሥራ የምትሉት ይሄን ነው? አሮጊት ናት ብላችሁ ነው የናቃችኋት? ተማሪ ያልሠራውን ሠራሁ ሲለኝ ዝም አልለውም፤ አንተንም አልልህም!»

«ቲቸር፣ እንዳንቺ የሚነፍስ ማሞቂያማ ከየት ላምጣ?» አለና ከፔዳሎቹ በላይ ካለው የአየር ማውጫ ፊት የጋዜጣ ቁራጭ ያዘ። ወረቀቱ ተርገበገበ። «ካላመንሽኝ ራስሽ ግቢና እይው።»

ልጅቷ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንደ እናቷም ጫማዋን አወለቀች። ጥቂት ቆይታ ቀኝ እግሯን ድንገት ሰበሰበች፤ ያቃጥላል። ማሞቂያው አልደከመም ማለት ነው። ታዲያ እናቷ ምን ሆና ነው? ቁጣዋ የሚያርፍበት ሰው አጣ። መካኒኩን ይቅርታ እንኳ ሳትጠይቅ ወደ እናቷ ቤት ነዳች።

«እማዬ፣ እስቲ ካልሲሽን አውልቂ።»

«ምነው፣ ልትመረምሪኝ ነው? በዚህ ቤት የሕክምና ባለሙያዋ እኔ መስዬኝ!»

ልጅቷ ራሷ አወለቀችላት። በቀኝ እግሯ ላይ፣ ነፋሱ በሚያርፍበት በኩል፣ ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። እናትየው የሌላ ሰው እግር እንደምታይ ሁሉ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ ደግሞ መቼ መጣ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ። የቱ ጋ ነው የያዝኩሽ?»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። ስንቱን እንዲህ እየነካካች መርምራለች።

«ተረከዜን።»

የተያዘችው ትንሿን ጣቷን ነበር። በክርክር መረታት የማታውቅ ልጅ፣ የዛሬውን ግን ብትሸነፍ ምንኛ በወደደች! ጣቷን አልለቀቀችም። እናትየውም ዓይኗን ገልጣ የልጇን እጅ የት እንዳለ አየች።

«ፍሬኑንስ እንዲህ ሆኜ ነው ስረግጥ የከረምኩት?» አለች ቀስ ብላ።

«ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ማን ነድቶ? አንቺ? ፍሬን ላይ እኮ የምትዘይው ጉንዳን እንደምትገድይ ነው!» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ልጇ ጉልበት ላይ አኖረችው።

በማግስቱ እናትየው ዕድሜ ልኳን ባልተቀመጠችበት በኩል ገባች። ልጅቷ ቁልፉን ከመጠምዘዟ በፊት እናቷ ወደ እግሯ ጠቆመቻት።

«ጫማሽን አውልቂ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂው፤ ሲይዝ ራሱ ይነግርሻል።»

አወለቀች። ብርድ ስለነበር ማሞቂያውን ልትከፍት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ በፋሻ የተጠቀለለውን የእናቷን እግር አየችና እጇን መለሰች።