ብጉር ያላት ሻጭ

አያትየዋ የልጅ ልጇ ሥራ መያዟን በሰማች ዕለት እልልታዋን ሳትጨርስ ጭንቀት ያዛት። ልጅቷ ፊቷ ወዛም ነው፤ ብጉሩም አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካል። ሥራው ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ የፊት ክሬም መሸጥ፣ ያውም የፀሐይ መከላከያ፣ ያውም መንገድ ዳር ካለው መስታወት ሥር ቆሞ! ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በዚያ መስታወት አልፋ ግንባር ግንባሯን ትላታለች።

«አላፊ አግዳሚው ‹የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች› ብሎ ይስቅብሻል።»

«ተቀብቼ ነው የምቆመው፣ እማዬ። ቅባት የሌለው ነው፣ ብጉር አያባብስም።»

«ቅባት የሌለው ቅባት! እኔም ውሃ የሌለው ውሃ ልቅዳልሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። አያትየዋ ግን ልቧ አላረፈም፤ አንድ ቀን ሻሿን አስራ ሄደችና የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ወደ ጥግ ጠራችው።

«ልጄ፣ እባክህ ይቺን ልጅ ከኋላ አድርግልኝ። ከፀሐይም ከሰው ዓይንም ትረፍልኝ። መምጣቴን ደግሞ እንዳትነግራት።»

ባለቤቱ ሰው አክባሪ ነውና ልጅቷን መጋዘን አስገብቶ ካርቶን ያስደረድራት ጀመር። በቦታዋ ፊቷ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ የጠራ ሌላ ልጅ አቆመ። አያትየዋ ተመስገን አለች።

ተመስገኗ ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ገባች።

«ክሬሙ መሸጥ አቁሟል። አዲስ የሚደረደር ዕቃ ስለማይመጣ ከዚህ ወር በኋላ አትምጪ አለኝ።»

አያትየዋ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ሮጠች። ስትደርስ ፊቱን ብጉር የወረሰው ጎረምሳ ፊቷ የጠራውን ሻጭ ያፋጥጣታል።

«ያቺ እንደኔ የሆነችው የት አለች?»

«እኔ ላስረዳህ እችላለሁ።»

«ምን አውቀሽ? አንቺ ፊት ላይማ ብጉር ቢመጣ አዳልጦት ይወድቃል!»

ሳይገዛ ወጣ። ባለቤቱ ወደ አያትየዋ ዞረ።

«አዩ እማማ? ሁሉም እሷን ብሎ ነው የሚመጣው። ‹እኔ ራሴ የምቀባው ነው፤ ጥቂት ነካ ማድረግ አይበቃም፤ ካላበህ ድገመው፤ ብጉሩን ግን አትነካካው› ስትላቸው ያምኗታል።»

«ታዲያ መልሳት እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ከኋላ አድርግልኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«አሮጊት ያለችውን ሁሉ ትሰማለህ እንዴ?»

በማግስቱ ልጅቷ ወደ መስታወቱ ዳር ተመለሰች፤ ክሬሙም ገበያው ደራ። ጭንቀቱ ግን አያትየዋን አልለቀቃትም። ልጅቷ አንድ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ስትወጣ አያትየዋ ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። ስንት ዓመት እንዲጠፋ የጸለየችለት ብጉር ከስሟል፤ የተወው ጥቁረት ሳይቀር ደብዝዟል።

«ምነው እማዬ? ጠራልኝ አይደል?»

«ጠርቷል» አለች አያትየዋ፣ ልቧ ድንግጥ ብሎ። «ግንባርሽ ላይ የቀረችውን አንዷን ግን፣ አደራ የኔ ልጅ፣ እንዳትነኪያት።»